«ባያድነንስ?» ከድሬዳዋ እስከ ቁልቢ

ታኅሣሥ 16፣ ድሬዳዋ

ከአዲስ አበባ በጭሮ በኩል ለሚመጣ ሰው ቁልቢ ከድሬዳዋ በፊት ነው ያለችው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልቢን አልፌ ሄድኩ። መንገድ ዳር ላስቲክ መወጠር ተጀምሯል። ጧፍ ሻጮች ከወዲሁ ቦታ ይዘዋል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በመስኮቱ አማተቡና «ልጆቹን አይቼ እመለሳለሁ፣ እንዳትቀየመኝ» አሉ። ለገብርኤል ነው የሚነግሩት። ሳቄን ዋጥኩ።

እኔ ድሬዳዋ የምወርደው ለአክስቴ ብዬ ነው። አንድ ልጅ ነበራት። አብሮ አደጌ ነው። ኩላሊቱ ደከመና ዲያሊሲስ ላይ፣ ደሙ በማሽን እየታጠበ፣ ቆይቶ ሞተ። ታሞ ሳለ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበር፤ «ልጄን አስነሣልኝ እንጂ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ። ልጁ አልተነሣም። ጃንጥላው ግን ገባ። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ነው የኖረው። ስለቱ የሠመረለት ሰው ቁልቢ ቢወጣ ይገባኛል። ያልሠመረለት ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ዘንድሮ አብሬያት ሄጄ ልየው አልኩ።

ድሬ ያው ድሬ ናት። ብርድ ለምዶ የመጣ ሰው ጃኬቱን የሚጥልበት ያጣል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና የከዚራ መንገዶች ዛሬም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፎቹም እንደ ዳስ ተጋጥመው ያስጠልላሉ። ባጃጅ ነጂው ገና አገሬን ሳይጠይቀኝ «አቦ፣ ለቁልቢ ነው አይደል የመጣኸው?» አለኝ። ሻንጣዬን አይቶ መሰለኝ። ወይም ፊቴን።

አመሻሽ ላይ አክስቴ ወደ ቀፊራ ገበያ ይዛኝ ወጣች። በደቻቱ በኩል ነው የሄድነው። ደቻቱ በበጋ ወንዝ ነው ብለው ቢነግሩህ አታምንም። ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይተኛበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ነው ወርዶ ቆላውን የበላው።

አክስቴ አሸዋው ላይ ቆም ብላ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ከጎርፉ በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው አንድ ሰው ተነሥቶ «ኃጢአታችን ነው» አለ። ልጇን በጎርፉ ያጣች ሴት እዚያው ተቀምጣለች። አክስቴ ያኔ ወጣት ናት፤ ዝም አለች። ዛሬም ዝም ማለቷ ያናድዳታል። «የሰሊሆምን ግንብ አላነበበም እንዴ?» አለችኝ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው ታሪክ ነው። ግንብ ተንዶ 18 ሰው ገደለ። ጌታ ሰዎቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ፤ አይደሉም አለ። ንስሐ ግቡ የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ እሱንም ለቆሙት እንጂ ለሞቱት አላለም። ልጅ ለሞተባት ሴት ምክንያት ደርድሮ ከመናገር ጋቢ አልብሶ ዝም ማለት ይሻላል ባይ ናት አክስቴ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ከቀፊራ ምስር፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገዛን። ጾመ ነቢያት ነው፣ ሳምቡሳው የምስር ነው።

ታኅሣሥ 17፣ ሐረር

ዛሬ ሐረር የወጣነው አክስቴ ሆስፒታል ያፈራቻትን ጓደኛ ለማየት ነው። ሁለቱ የተዋወቁት ዲያሊሲስ ክፍሉ በር ላይ ነው። አንዷ ልጇን፣ አንዷ ባሏን ይዘው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ባልየውም አልተረፈም። ሴትየዋ ጴንጤ ናት። አክስቴ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ የምታድር ኦርቶዶክስ ናት። ያ አግዳሚ ባይኖር የሚተዋወቁ አይመስለኝም።

ፈረስ መጋላ ወርደን መድኃኔ ዓለምን ተሳልመን ወደ ቤቷ ሄድን። ስለ ጁገል፣ ስለ በሮቹና ስለ ጅቡ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ዛሬ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ሴትየዋ ቡና እያፈላች ስለ አባቷ ነገረችን። አባቷ የሥጋ ደዌ ታማሚ ነበር። ሰፈሩ ሲያገልለው ቢሲዲሞ ገባ። ቢሲዲሞ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለ ቦታ ነው። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ በጀርመን ክርስቲያኖች ዕርዳታ የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሐረር ውስጥ የካቶሊክ መነኮሳት የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚያርፉበት ቦታ ከፍተው ነበር። ያኔ ታማሚውን ሰው በእጁ አይነካውም። እነዚያ ግን ቁስሉን ያጥቡ ነበር። «አባቴን ያሳመነው ፋሻ ነው» አለች። «ስብከቱን በኋላ ነው የሰማው።» ድኖ ወጣ፣ አገባ፣ ወለደ። ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። በቀሩት ጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ ይገልጥ ነበር፤ እሷም ማንበብ የተማረችው አጠገቡ ቁጭ ብላ ነው።

ከዚያ ጨዋታው ወደ መጪው በዓል ዞረ። የታኅሣሥ ገብርኤል ሲነሣ የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ይነሣል። ናቡከደነፆር ለወርቁ ምስል ያልሰገዱትን ሦስት ወጣቶች፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን፣ እሳት ውስጥ ጣላቸው። እሳቱ ግን አልነካቸውም። ንጉሡ ቢያይ ሦስት የጣለው አራት ሆነዋል። አራተኛው ቅዱስ ገብርኤል ነው ትላለች አክስቴ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም ይኸው ነው። ራሱ ክርስቶስ ነው ትላለች ጓደኛዋ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ ተከራከሩ። ሁለቱም አልተረቱም። እኔ ስኒ እያቀበልኩ አዳምጣለሁ።

በኋላ ሴትየዋ መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣችና ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ገለጠች። ከእሳቱ በፊት ያለውን ነው ያነበበችልን። ወጣቶቹ ለንጉሡ የመለሱት መልስ ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ያድነናልም አሉ። ቀጠሉና፣ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋችው። «እኔ የኖርኩት በዚች ነው» አለች። «ባሌ ሲታመም ሁሉም ሰው ያድነዋል፣ ያድነዋል ይለኛል። የሚሞትበት ቀን ምን እንደማደርግ የነገረኝ የለም። እነዚህ ልጆች ግን ለሁለቱም ተዘጋጅተው ነው የቆሙት።»

አክስቴ ምንም አላለችም። ስኒዋን ገልብጣ አስቀመጠች። ወደ ድሬ ስንመለስ ሐረማያ እስክንደርስ ድረስ ቃል አልወጣትም።

ታኅሣሥ 18፣ ወደ ቁልቢ

ከድሬዳዋ ቁልቢ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ። መንገዱ ደንገጎ ድረስ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሚኒባሱ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ያቃስታል። ከደንገጎ በኋላ ግራ ቀኙ የጫት እርከን ነው፤ ብርዱም ይጀምራል።

በእግሩ የሚሄደው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ አለ። ድንጋይ በትከሻው የተሸከመ አለ። ሕፃን አዝላ ጃንጥላ የያዘች አለች። አይሱዙ ላይ ተጭነው የሚዘምሩ ወጣቶች አሉ፤ ከበሮው ከሞተሩ ይበልጣል። አክስቴ የመጨረሻውን ጥቂት ኪሎ ሜትር በእግር ካልሆነ አለች። ጉልበቷ እንደማይችል ታውቃለች። ክርክር የለም፣ ወረድን።

አንድ ደጃፍ ላይ ሻሽ ያሰረች የኦሮሞ እናት በጀሪካን ውኃ ይዛ ለአላፊው ሁሉ ትቀዳለች። ሙስሊም ናት። አካባቢው በብዛት ሙስሊም ነው፤ እንዲያም ሆኖ ለገብርኤል የሚሳል ሙስሊም ጥቂት አይደለም። አክስቴ ጠጥታ መረቀቻት። ሴትየዋም በኦሮምኛ መለሰችላት። እኔ የያዝኩት «ገብሬል» የሚለውን ብቻ ነው።

እየሄድን ጠየቅኳት። «ልጁን ካላስነሣልሽ ጃንጥላውን ለምን አስገባሽ?»

ቆመችና ትክ ብላ አየችኝ። «ገብርኤልን ነጋዴ አደረግከው እንዴ?» አለች።

ከዚያ ግን ዝርዝሩን ነገረችኝ። መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ልጁ ግንቦት ላይ ሞተ፤ ቀጥሎ በመጣው ታኅሣሥ ቁልቢ አልወጣችም። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች። ጸሎት አቆመች። ሰው ሲመጣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላታል፤ ቃሉ እንደ ጠጠር ይሰማት ነበር። የንስሐ አባቷ መጡ። እሳቸው ምንም አላሉም። ሻይ ጠጡ፣ ተቀመጡ፣ ሄዱ። በሳምንቱም መጥተው እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው «አባ፣ እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቻለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም «ታዲያ ለምን ለራሱ አትነግሪውም?» ብለው ዳዊት ገለጡላት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር አነበቡላት። ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር አለችኝ። ሰምታው ኖሮ ይሆናል፤ የራሷ ሆኖ ግን አልተሰማትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተጣላች መጸለይ ጀመረች። «ከተኳረፈ የተጣላ ይሻላል» አለች፣ «የተጣላ ቢያንስ ይነጋገራል።»

ሌላም ነገር አለ። እኛ ሐዘንን በቀጠሮ ነው የያዝነው። ሠልስት አለ፣ ዐርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ልጅ እያለሁ ይሄ ሁሉ ድግስ ምን ያደርጋል እል ነበር። ወጪው ቤተሰብ የሚያራቁትበትን ጊዜም አይቻለሁ፤ ዛሬም ቢቀነስ ደስ ይለኛል። ቀጠሮው ግን ሥራ አለው። አክስቴ ከአልጋ መነሣት ባቃታት ሰሞን የእድሩ ሴቶች «ዐርባው ደርሷል፣ ጌሾ ማን ይውቀጥ?» እያሉ በሩን ያንኳኩ ነበር። አጽናንተዋት አያውቁም። ሽንኩርት ያስከትፏታል። ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሳለች፣ ማንም አይጠይቃትም።

በዓመቱ ጃንጥላውን ገዝታ ቁልቢ ወጣች። «የተሳልኩት ልጁ እንዲድን ነበር፤ እሱ ቀረ። ግን እኮ ሌሊት ሌሊት ብቻዬን አልነበርኩም። ማን አብሮኝ እንዳደረ አውቃለሁ። ጃንጥላው ለዚያ ነው።» ይህን ብላ መንገዷን ቀጠለች። ጉልበቷን ይዛ።

ሌሊቱን ላስቲክ ሥር አደርን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማኅሌቱ ከሩቅ ይሰማል፤ ጽናጽሉና ከበሮው። ጎረቤታችን ላስቲክ ውስጥ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲራገም አደረ። ቁልቢ ኪስ አውላቂም ይሳለማታል።

ታኅሣሥ 19፣ ቁልቢ

ከንጋት በፊት ወደ ደጀ ሰላሙ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በየኔ ቢጤ ተሞልቷል። ማየት የተሳነው፣ እግር የሌለው፣ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች። ስለቱ ደርሶለት እልል የሚለው ሰው በእነዚህ መካከል ነው የሚያልፈው። እነሱም በየዓመቱ ይመጣሉ፤ በየዓመቱም እንደመጡ ይመለሳሉ። አክስቴ የዘረዘረችውን ብር እያከፋፈለች ሄደች።

የቁልቢ ገብርኤል ታሪክ ራሱ የስለት ታሪክ ነው። እንደሚነገረው፣ የሐረርጌው ገዥ ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ ጦርነት ሲዘምቱ ተሳሉ፤ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። የቀረውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። በ1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ። ያረፉትም እዚሁ ቁልቢ ነው። ስለታቸው በሠመረበት ቦታ ሞቱ ማለት ነው። ገብርኤል በአድዋ አዳነ፣ በቁልቢ ግን ሞት አልቀረም። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ታዲያስ!» አለች፣ ድሮም የምታውቀው ይመስል።

ታቦቱ ወጣ። እልልታው መሬት ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ድምፅ ማጉያው የስለት ዓይነት መዘርዘር ጀመረ። መካን የነበረች ወለደች። ቪዛ የተከለከለው ተፈቀደለት። ካንሰር ነው የተባለችው ነጻ ነሽ ተባለች። ወርቅ፣ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ። ደስ ይላል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን ቆሜ ሳዳምጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያልወለደችውን፣ ቪዛው የተመለሰበትን፣ ካንሰሩ የገደላትን የሚዘረዝር ድምፅ ማጉያ የለም። እነሱም ግቢው ውስጥ ናቸው። ምናልባትም ከቆመው ሕዝብ እኩሌታው። ስብከታችን ለእነሱ የሚለው ነገር ሲያጥረው አያለሁ። ሲብስም ጉዳት አለው። አክስቴን ከአንድም ሁለት ሰው «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ብሏታል። ልጁ ዲያሊሲስ ላይ ሳለ ደግሞ አንድ ባሕታዊ ነኝ ባይ መጥቶ «ማሽኑን ይተው፣ ጠበል ብቻ» አለ። አክስቴ ጠበል የምትወድ ሰው ናት፤ ሰውየውን ግን በመጥረጊያ ነው ያስወጣችው። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን የምትለው ሌላ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስም ስለቱ ካልደረሰለት ወገን ነው። የሥጋዬን መውጊያ አንሣልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነ። መውጊያው አልተነሣም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ይህን በድምፅ ማጉያ የሚናገር ካህን ብሰማ ቁልቢ ድረስ በእግሬ እመጣ ነበር።

አክስቴ ከደረቷ ሥር ፌስታል አወጣች። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አለ። በእርሳስ የተጻፈ የስም ዝርዝር ነው። ዲያሊሲስ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ታማሚዎች ናቸው። የክርስትና ስም አለ፤ ከመካከሉ የሙስሊም ስም አለ። የጓደኛዋ ጴንጤዎችም አሉበት፣ እነሱ የክርስትና ስም ስለሌላቸው የመዝገብ ስማቸው ተጽፏል። ጎናቸው ላይ ትንሽ መስቀል ያለባቸው ሦስት ስሞች አየሁ። ካምና ወዲህ ያረፉ ናቸው። አልሰረዘቻቸውም። ግፊያው ውስጥ ቆማ፣ መነጽሯ እየተንሸራተተ፣ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። የልጇ ስም የመጀመሪያው ነው።

ታኅሣሥ 20፣ ድሬዳዋ

ሌሊቱን መንገድ ተዘጋግቶ ስንጎተት አድረን ንጋት ላይ ገባን። እኔ አልጋ ላይ ወደቅኩ። አክስቴ ፊቷን ታጥባ ዳቦ ቆረጠች፣ ፔርሙዙን ሞላች፣ ከቁልቢ ያመጣችውን እምነት፣ ግንባር ላይ የሚቀባውን፣ በወረቀት ቋጠረች። ዛሬ የዲያሊሲስ ቀን ነው። በየሳምንቱ ትሄዳለች። ልጇ ከሞተ በኋላ የጀመረችው ነው፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ታውቀዋለች፣ እኛ በተጽናናንበት ሌሎችን እናጽናና የሚለውን። ከእሷ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። ከጓደኛዋ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያነበብኩት።

ተነሥቼ ተከተልኳት። ክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ይንጫጫሉ። ታማሚዎቹ በስም ነው የሚያውቋት። አንዲት ልጅ እግር «እማማ፣ ስሜን አነሣሽልኝ?» አለቻት።

«ሁለቴ ነው ያነሣሁት። አንዴ ረሳሁት መስሎኝ።»

«ገብርኤል ምን አለ?»

«ግፊያው ብዙ ነበር፣ ምን ሰማሁት ብለሽ!» ልጅቷ ሳቀች። ባዶውን እጇን ዘረጋችና አክስቴ እምነቱን ግንባሯ ላይ ቀባቻት። ከዚያ ሻይ ቀዳች፤ ግማሽ ስኒ ብቻ። ፈሳሽ ልክ አለው፣ ለማን ስንት እንደተፈቀደ በቃሏ ታውቃለች። ለእኔ የተረፈችውን የምስር ሳምቡሳ እንኳ ቤት ነው ያስቀረችው፤ ፖታሲየም አለው ብላ።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ጠያቂ መጣ። ገና አዲስ ነው፣ ወንድሙ በዚህ ሳምንት ነው የጀመረው። ሁለት ኪሎ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሏል። አክስቴ መንገድ ላይ ያዘችው።

«ልጄ፣ ሙዝ ለኩላሊት አይሆንም። ለነርሶቹ ስጣቸው። አንተ ና፣ እዚህ አግዳሚ ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጥ፤ ገና አራት ሰዓት ነው የምትጠብቀው።»